የታሸገው ሥዕል፤ ስለ ክታብ፥ ስለ ይሉኝታና ስለ መከናነብ

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በኤውሮፓና በአሜሪካ አንድ ዐይነት የሥዕል ሥራ እየተለመደ መጥቷል። የአእምሮ አፈጣጠራቸው ከብዙኃኑ ሰው የተለየ ሠዓልያን፥ ይልቁንም ከኦቲዝም ጋራ የተወለዱት፥ በየዕለቱ በሚገለገሉባቸው ዕቃዎች ላይ፥ ማለት በሳሕንና በኩባያ፥ በወንበርና በጫማ ላይ ይሥላሉ። በሥዕላቸውም በሰው ፊት የሚያሳዩት ጠባይና ለብቻቸው ሲሆኑ የሚኖሩት ኑሮ ምን ያህል እንደሚራራቅ ለተመልካች ለማስረዳት ይጥራሉ። ሸራ የሠዓሊ ብቻ ነው፤ ሳሕንና ወንበር ግን የማንም ሰው ስለ ሆነ፥ ነገሩ ከተመልካቹ ቤት የራቀ አለመሆኑን ዕቃው ራሱ ይመሰክራል ማለታቸው ነው።

ይህን ሥራ ለተማሪዎች ባስረዳሁ ቊጥር አንድ ጥያቄ ይነሣል፤ ይኸውም «በእኛስ አገር ይህን የመሰለ የለምን?» የሚል ነው። ብዙም ሳይቈይ ከመካከላቸው አንዱ «ክታብ አለን» ብሎ ይመልሳል። ክታብ ሰው በአንገቱ አንጠልጥሎት የሚውል፥ ይዞት የሚያድር ዕቃ ነው፤ በውስጡ ሥዕል አለ፤ የሚሠራውም አእምሮው ወይም አካሉ ለታመመ ሰው ነው። እንግዲህ ፈረንጆች ዛሬ የጀመሩትን አባቶቻችን አስቀድመው ያውቁት ኖሯል እየተባለ ክርክሩ በደስታ ይዘጋል።

የዚህ ጽሑፍ ዐላማ ይህን መልስ መመርመር ነው። መልሱ ከፊል እውነት ስላለው በቀላሉ አይጣልም፤ ከፊል ስሕተት ስላለበት ደግሞ እንዳለ አይወሰድም። ስሕተቱ የታሪክ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባላስጨነቀን ነበር፤ ነገር ግን ዛሬ በየቤቱ ላሉ ልጆች የምናደርገውን ነገር የሚነካ ስለ ሆነ ሊታለፍ አይገባውም። ምሳሌዬን የምወስደው ከምሥራቅ ጎጃም፥ ከብቸናና ከሞጣ አካባቢ ነው። በብቸና በኩል ዲማ ጊዮርጊስ፥ ከሞጣ በስተ ደቡብ ምሥራቅ መርጡለ ማርያም የታወቁ የትምህርት ደብሮች ናቸው፤ ክታብ የሚጽፈውም ደብተራ እንደነዚህ ካሉ ጉባኤ ቤቶች የሚወጣ ነው። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቈጣጠር የተሰጡ ናቸው።

፩

አስቀድሞ የሁለት አሳቦችን ነገር ማጥራት ያስፈልጋል። የመጀመሪያው «የአእምሮ ብዝኀነት» ልንለው የምንችለው ነው። ይህ አሳብ በ1990ዎቹ ዓመታት ኦቲዝም ባላቸው ሰዎች መካከል ሲብላላ ቈይቶ፥ አውስትራልያዊቷ ጁዲ ሲንገር በ1998 በጻፈችው የሶሲዮሎጂ ድርሳን ወደ ምሁራን ክርክር ገባ። ፍሬ ነገሩ እንዲህ ነው፤ ሰዎች በቁመትና በመልክ እንደሚለያዩ ሁሉ፥ አእምሯቸውም ነገርን በሚቀበልበት፥ በሚያስብበትና በሚገልጽበት መንገድ ይለያያል፤ ልዩነቱም ሁሉ በሽታ አይደለም። ይህ ማለት ግን ችግር የለም ማለት አይደለም። ከችግሩ ብዙው የሚመጣው የማኅበራዊ ኑሮ ልብስ ለአንድ ዐይነት አእምሮ ብቻ ተለክቶ በመሰፋቱ ነው ማለት ነው።

ሁለተኛው አሳብ ፈረንጆች «ጭምብል ማጥለቅ» የሚሉት ነው። ኦቲዝም ያለው ሰው የሌላውን ዐይን መመልከት እያስጨነቀው ይመለከታል፤ እጁን ማወዛወዝ እያሰኘው ይገታዋል፤ የሳቅንና የጨዋታን ሥርዐት እንደ ዜማ በቃሉ አጥንቶ ይደግማል። ሎራ ሃልና ባልደረቦቿ በ2017 ባወጡት ጥናት 92 ዐዋቂዎችን ጠይቀው፥ ይህ ሥራ ከባድ ድካም እንደሚያስከትል፥ ሰውየውም ውሎ አድሮ «የትኛው ነው እውነተኛው እኔ?» እስከ ማለት እንደሚደርስ ከራሳቸው አንደበት ጽፈዋል። ኧርቪንግ ጎፍማን በ1963 ስለ ነውር ምልክት ባሳተመው መጽሐፍ፥ ገመናው ያልታወቀበት ሰው ዕድሜውን ሙሉ ወሬውን ሲጠብቅ እንደሚኖር ያሳየው ነገር ከዚህ ጋራ የሚገናኝ ነው።

በአማርኛ «ጭምብል» የሚለው ቃል ቢኖርም በደጋው አገር ሥርዐት ውስጥ ጭምብል ይህን ያህል ቦታ የለውም። ቦታ ያለው መከናነብ ነው። ሰው በሐዘን፥ በብርድ፥ በሕመም፥ በእፍረት ጊዜ ጋቢውን ወይም ነጠላውን ይከናነባል። የሁለቱ ልዩነት ግልጽ ነው። ጭምብል ያጠለቀ ሰው ሌላ ፊት ያበጃል፤ የሚያየውም ሰው መሸፈኑን እንዳያውቅ ይፈልጋል። የተከናነበ ሰው ግን የውሸት ፊት አያበጅም፤ የራሱን ይሸፍናል እንጂ። መሸፈኑንም ሁሉ ሰው ያያል፤ አይቶም «ተዉት» ይላል። ጭምብል መደበቁን ይደብቃል፤ ክንብንብ መደበቁን ይናገራል። ይህ ልዩነት የምናቀርበው ሂስ ሁሉ መሠረት ነው።

፪

ከክታብ በፊት ሌላ ፈጥኖ የሚመጣ ማነጻጸሪያ አለ፤ እርሱም ሰምና ወርቅ ነው። ዶናልድ ሌቪን በ1965 ባሳተመው መጽሐፍ የአማራን ሕዝብ አነጋገርና ጠባይ በቅኔው ሰምና ወርቅ ከተረጐመ ወዲህ፥ የተሰወረ ነገር ባገኘን ቊጥር «ይህስ ሰምና ወርቅ ነው» ማለት ልማድ ሆኗል። ስለዚህ የኦቲዝም ጭምብል የሚባለውም ሰም ነው፥ የተሸፈነው ሰውነት ወርቅ ነው የሚሉ አይጠፉም።

ይህ ማነጻጸር ያማረ ቢመስልም አይሠራም። አንጥረኛ ሰሙን የሚቀርጸው ወርቁ መልክ እንዲይዝበት ነው። በቅኔ ቤትም መምህሩ ሰሙን የሚያዘጋጀው ተማሪው ፈትቶ ወርቁን እንዲያገኝ ነው፤ ባገኘም ጊዜ «ይበል!» ይባላል። ወርቁ ያልተገኘለት ቅኔ የባከነ ቅኔ ነው። ጭምብል ግን ተሳካ የሚባለው ወርቁ ሳይገኝ ሲቀር ነው። ቅኔ በሁለት ሰዎች መካከል የሚደረግ መተማመን ሲሆን፥ ጭምብል አንድ ሰው ለብቻው የሚሸከመው ሸክም ነው። ስለዚህ ለዚህ ሸክም ስም ከፈለግን ከቅኔ ማሕሌት ይልቅ ከጎረቤት አፍ መፈለግ ይገባናል፤ ስሙም ይሉኝታ ነው።

ይሉኝታ ከንቱ ነገር አይደለም። ስስታምን የሚገታ፥ ባለጌን የሚያርም፥ ድኻንም ከሀብታም ድፍረት የሚያድን ልጓም ነው፤ «ይሉኝታ ቢስ» መባልም ከስድብ ይቈጠራል። ነገር ግን «ምን ይሉኛል» ብሎ ለማሰብ አስቀድሞ የሌላውን አሳብ መገመት ያስፈልጋል። ይህን መገመት የሚያስቸግረው ልጅ ይሉኝታን የሚማረው እንደ ልጓም ሳይሆን እንደ ጅራፍ ነው። ሳይገባው ይታዘዛል፤ የታዘዘበትንም ምክንያት ሳያውቅ ይፈራል።

የጭምብሉ መልክም በየአገሩ ይለያያል፤ ይህን የውጭ አገር ጥናት ብቻ የሚያነብ ሰው በቀላሉ ይስተዋል። በኤውሮፓ ሐኪም ፊት ዐይን ለዐይን አለመተያየት ከኦቲዝም ምልክቶች አንዱ ሆኖ ይቈጠራል። በሞጣ ግን በሽማግሌ ፊት ዐይኑን የሚሰብር ልጅ ጨዋ ነው፤ የሚያፈጥጠው ነው የሚገሠጸው። በዚህ ነጥብ የጎጃም ልጅ ጭምብል አያስፈልገውም። የሚያስፈልገው በሌላ ስፍራ ነው። እንግዳ በገባ ጊዜ ብድግ ማለት፥ ጉንጭ ለጉንጭ ደጋግሞ መሳሳም፥ የአባት የእናቱን፥ የከብት የዘሩን ደኅንነት እየጠየቁ ሰላምታን ማርዘም፥ ከሁሉም በላይ ከሰው እጅ ጉርሻ መቀበል ግድ ነው። ንክኪ እንደ እሳት ለሚሰማው፥ የምግቡ ልስላሴና ሽታ ለሚረብሸው ልጅ የጉርሻን ያህል የከበደ ነገር ያለ አይመስለኝም። እምቢ ቢል ግን የተጠየፈው እጁን ሳይሆን ሰውየውን ነው ተብሎ ይተረጐማል። ስለዚህ ይውጣል። የእኛ አገር ጭምብል ከፊት ይልቅ በጒሮሮ የሚያልፍ ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም።

፫

አሁን ወደ ክታብ እንመለስ። ክታብ ከበግ ወይም ከፍየል ቆዳ በተፋቀ ብራና ይሠራል። ብራናው በቀጭኑ ተቈርጦ፥ ጫፍ ለጫፍ እየተሰፋ ይረዝማል። እንደ ልማዱ ርዝመቱ በባለቤቱ ቁመት ይለካል፤ ይኸውም ከራስ ፀጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ እንዲጠብቀው ነው። ጽሑፉ በግእዝ፥ በጥቁርና በቀይ ቀለም ነው። ሕፃናትን ትገድላለች የምትባለው የውርዝልያና እርስዋን ያሳደዳት የሱስንዮስ ታሪክ፥ አጋንንትን የሚያጠምደው መርበብተ ሰሎሞን፥ ስለ ባርያና ስለ ሌጌዎን፥ ስለ ዓይነ ጥላና ስለ ዓይነ ወርቅ የሚደገሙ ጸሎቶች ይገኙበታል። በየጸሎቱ ውስጥ የባለቤቱ የክርስትና ስም ይገባል፤ በየቤተ መዘክሩ ካሉት ክታቦችም ብዙዎቹ የሴት ስም የተጻፈባቸው ናቸው።

በጽሑፉ መካከል ሥዕል አለ፤ ሰይፉን የመዘዘ መልአክ፥ መስቀል፥ እንደ መረብ የተጠላለፈ ሐረግ፥ ስምንት ጫፍ ያለው ኮከብ፥ በኮከቡም መካከል የሰው ፊት ይሣላል። ከሁሉ ጐልቶ የሚታየው ዐይን ነው። ዐይኖቹ ትልልቅ ናቸው፤ አንዳንድ ጊዜም ፊት ሳይኖር ዐይን ብቻ በየማዕዘኑ ይሣላል። ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ብራናው ይጠቀለላል፤ በቆዳ ተለብዶ ይሰፋል፤ ከማተቡ ጋራ በአንገት ይንጠለጠላል፥ ወይም በመኝታ አጠገብ ይሰቀላል።

በዚሁ አንገት ላይ ሌላ ሥዕል ይኖር ይሆናል፤ እርሱም ንቅሳት ነው። ንቅሳት ሰው ሁሉ እንዲያየው የተሣለ ነው። ክታብ ግን ብዙ ተደክሞበት ከተሣለ በኋላ ከሰው ዐይን ይሰወራል። ሰው የሚያየው የቆዳውን ማኅደር ብቻ ነው። ማኅደሩ «እዚህ አንድ ነገር አለ» ይላል፤ ምን እንደ ሆነ አይልም። ከላይ ያነሣነውን ልዩነት ካስታወስን፥ ክታብ ጭምብል አለመሆኑን ለማየት ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም። ክታብ የተከናነበ ሥዕል ነው።

፬

ስለ ክታብ ሥዕል ከማንም ይልቅ የደከመ ፈረንሳዊው ዣክ መርሲዬ ነው። በ1979 ስለ ጥቅልል ክታቦች መጽሐፍ አሳተመ፤ በ1992 በፓሪስ፥ በ1997 በኒው ዮርክ የታዩት ትርኢቶችም በእርሱ ጥናት ላይ የቆሙ ነበሩ። ጌራና ጌዴዎን የተባሉትን፥ በኻያኛው መቶ ዓመት የኖሩትን የጠልሰም ሠዓልያን ዓለም እንዲያውቃቸው ያደረገ እርሱ ነው። ከእርሱ በፊት ክታብን አንዳንዱ እንደ ጥንቈላ ንቆት፥ አንዳንዱም ለግእዝ ጽሑፉ ብቻ ፈልጎት ሲያልፍ፥ መርሲዬ ሥዕሉ ራሱ ሥራ እንደሚሠራ አስረዳ። እንደ አስተያየቱ በሽተኛው ጠልሰሙን ሲመለከት፥ ያደረበት መንፈስ በበሽተኛው ዐይን በኩል ሥዕሉን ያያል፤ ባየም ጊዜ ደንግጦ ይሸሻል። ሥዕሉ እንግዲህ የዐይን ለዐይን ጦርነት ነው።

ይህ ትርጓሜ ትልቅ እርምጃ ነው፤ ነገር ግን ሁለት ጥያቄ ያስነሣል። አንደኛው የትርኢቱ አዳራሽ ጥያቄ ነው። ሥዕሉ የተሣለው በበሽተኛው ዐይን ለሚያየው መንፈስ ከሆነ፥ ክታቡ ተፈትቶ በመስተዋት ውስጥ በተዘረጋ ጊዜ ፊት ለፊቱ የሚቆመው ጎብኚ በማን ቦታ ቆሟል? በበሽተኛው ቦታ አይደለም፤ ስሙ አልተጻፈበትም፥ ቁመቱም አልተለካበትም። በደብተራውም ቦታ አይደለም። የቀረለት የመንፈሱ ቦታ ነው። ይህን የምለው ለቀልድ አይደለም። ክታብን ፈትቶ ለሕዝብ ማሳየት፥ ክታቡ ሊጠብቀው ከተሠራለት ሰው ላይ ክንብንቡን ማንሣት ነው። የፓሪስና የኒው ዮርክ ተመልካች በውበቱ ተደንቋል፤ ነገር ግን ያደነቀው የአንዲት ሴት ስምና ቁመት ያለበትን ገመና ነው።

ሁለተኛውን ጥያቄ ያሳሰበኝ ሞጣ ነው። በከተማው ሳለሁ ቆብ የጫኑ አንዲት አሮጊት በአንገታቸው ላይ ከማተባቸው ጋራ ጠቊሮ የወዛ የቆዳ ክታብ አየሁ። ከብዙ ሰላምታና ጨዋታ በኋላ ደፍሬ፥

«እማሆይ፥ በውስጡ ምን ተሥሎበታል?» ብዬ ጠየቅሁ።

«እኔ ምን አውቄ፥ ልጄ! ከተሰፋ ወዲህ አልተፈታም» አሉኝ።

«ታዲያ ሳያዩት እንዴት ይረዳዎታል?»

«እኔ እንዳየው አይደለም፤ እርሱ እንዲያይልኝ ነው እንጂ» ብለው ነጠላቸውን ሰብሰብ አደረጉት።

ከዚያ በላይ አልጠየቅሁም። ከሰፈሩ ሰዎች እንደ ተረዳሁት፥ እማሆይ ከልጅነታቸው ጀምሮ «የሚነካቸው ነገር» እንዳለ ሁሉም ያውቃል። በሠርግና በተዝካር ድንኳን ውስጥ አይቀመጡም፤ «እማሆይ ግርግር አይወዱም» ይባልና ምግባቸው ከጓዳ ይሄድላቸዋል። ማንም አይቀየማቸውም፤ ማንም አያጎርሳቸውም። ሕመማቸው ምን እንደ ሆነ የጠየቀ፥ ስሙንም የነገረኝ ሰው የለም። እኔም በዘመኑ የሕክምና ስም ልጠራው መብት የለኝም፤ ባርያና ሌጌዎን የተባሉትን ሁሉ ወደ ኦቲዝም ለመተርጐም የሚቸኲል ሰው የሁለቱንም ቋንቋ ያበላሻል።

የአንዲት አሮጊት ቃል የመርሲዬን ጥናት አይሽረውም። ክታብ በሚሠራበትና በሚደገምበት ሰዓት ዐይን ለዐይን የሚደረግ ነገር መኖሩ እርግጥ ነው። ነገር ግን ይህ የአንድ ሰዓት ነገር ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው የዐርባና የዐምሳ ዓመት ኑሮ የታሸገው ዕቃ ኑሮ ነው። በእነዚያ ዓመታት ሥራውን የሚሠራው ውስጡ ያለው ሥዕል ሳይሆን ላዩ ላይ ያለው ቆዳ ነው። ቆዳው ለጎረቤት ይናገራል፤ «ከዚህች ሴት ሁሉን አትጠብቁ» ይላል። እማሆይ ጭምብል ሳያጠልቁ፥ ገመናቸውንም ሳይዘረዝሩ ሊኖሩ ችለዋል። ተማሪዎቼ «ክታብ አለን» ሲሉ ትክክል የሚሆኑት በዚህ ነው።

፭

ከሞጣ ተነሥቶ በሰባራ ድልድይ በኩል ዐባይን ተሻግሮ ወደ ጎንደር አገር ለሚሄድ ሰው ሌላ ማነጻጸሪያ ይጠብቀዋል። ሚሼል ሌሪስ በ1932 በጎንደር የዛር ማኅበር ውስጥ ተቀምጦ ያየውን በ1958 በመጽሐፍ አወጣ። በእርሱ አስተያየት ዛሮቹ ሰው እንደ ልብስ የሚለዋውጣቸው ማንነቶች ናቸው፤ ሥርዐቱም የሚጫወቱት ሰዎች ተዋንያን መሆናቸውን ሳያስቡት የሚኖሩት ቴያትር ነው። ከሁላችን ቀድሞ ጭምብልን በደጋው አገር ያገኘ እርሱ ነው ማለት ይቻላል። ነገር ግን ያገኘው ጭምብል ከይሉኝታ ጭምብል ጋራ ተቃራኒ ነው። ዛሩ የወረደባት ሴት በራስዋ አፍ ልትጠይቅ የማትችለውን በዛሩ አፍ ትጠይቃለች፤ ቡናውን፥ ሽቶውን፥ አዲሱን ቀሚስ ታዛለች፤ አልሠራም፥ አልናገርም ትላለች። የይሉኝታ ጭምብል ዝም ያሰኛል፤ የዛር ጭምብል ያናግራል። ይሁን እንጂ የተናገረው ዛሩ ነው ተብሎ ስለሚታለፍ፥ ሴቲቱ ራስዋ አሁንም አልተሰማችም።

በጎጃም ቅኔ ቤቶች ደግሞ የወንዶች የሆነ ሌላ መጠለያ አለ፤ እርሱም አብሾ ነው። አብሾ ትምህርት እንዲገባ፥ ቅኔ እንዲቀና ይጠጣል የሚባል፥ መርዛማ ከሆነው ከአስተናግር ጋራ ስሙ የሚነሣ መድኀኒት ነው፤ መጠኑ ከበዛ ያሳብዳል። ይህን የጠጣው ሰው ስንት እንደ ሆነ ሳይሆን፥ «አብሾ አለበት» የሚለው ቃል ምን እንደሚሠራ ነው የሚያስፈልገን። ለብቻው የሚናገር፥ ከሰው የማይገጥም፥ አንድን ነገር ይዞ ሌሊቱን ሙሉ የማይለቅ፥ በቅኔው ግን የሚደነቅ ሊቅ «አብሾ አለበት» ተብሎ ከነጠባዩ ይከበራል። እንግዳነቱ የትምህርቱ ዋጋ ተደርጎ ይቈጠርለታል። በዚያው ቤት ያለች፥ ያንኑ ጠባይ የያዘች እኅቱ ግን የአብሾ ክብር የላትም፤ የሚደርሳት ክታብ ወይም ዛር ነው። በየቤተ መዘክሩ ያሉት ክታቦች የሴቶች ስም የበዛባቸው መሆኑን ስናይ ይህን መርሳት የለብንም። አንድ ኅብረተ ሰብ ለተለየ አእምሮ ቦታ ሰጥቷል ከማለታችን በፊት፥ ቦታው ለማን እንደ ተሰጠ መጠየቅ ይገባናል።

፮

እንግዲህ የተማሪዎቼ መልስ የሚሳሳትበትን እንናገር። አንደኛ፥ ክታብን የሚሥለው ባለቤቱ አይደለም። ብራናውን የሚፍቅ፥ ቀለሙን የሚበጠብጥ፥ የትኛው መልአክ እንደሚገባ የሚወስነው ደብተራው ነው። ባለቤቱ የሚሰጠው ስሙን፥ ቁመቱንና ዋጋውን ነው። ዛሬ በሳሕንና በወንበር ላይ የሚሥለው ሠዓሊ ስለ ራሱ ይናገራል፤ በክታብ ግን ስለ ሰውየው የሚናገረው ሌላ ነው። ዕቃዎቹ ቢመሳሰሉም እጆቹ ይለያያሉ፤ በዚህ ነገር ደግሞ ትልቁ ጥያቄ የእጅ ጥያቄ ነው።

ሁለተኛ፥ ክታብ ልዩነቱን ጠላት ይለዋል። ጸሎቱ ሁሉ «አድን»፥ «አርቅ»፥ «አስር» የሚል ነው። ይህን አመለካከት ሰዋስዋችን ራሱ ተሸክሞታል። ዕዳ አለበት፥ ዛር አለበት፥ አብሾ አለበት እንላለን፤ ዛሬም ያንኑ ተከትለን «ኦቲዝም ያለበት ልጅ» እንላለን። «ያለው» ንብረቱ ነው፥ «ያለበት» የተጫነበት ነው። ልጁ በአንድ ፊደል ከባለቤትነት ወደ ተሸካሚነት ይወርዳል። ጠላት የተባለ ነገር በጸሎት ካልወጣ በጠበል፥ በጠበል ካልወጣ በሰንሰለት እንዲወጣ መሞከሩ የሚያስገርም አይደለም፤ ከዚህ አሳብ የሚከተል ነውና።

ይህ የቆየ ነገር ብቻ አይደለም። በአዲስ አበባ ሁለት የሕፃናት የአእምሮ ሕክምና ክፍሎች 102 ወላጆችንና አሳዳጊዎችን ጠይቆ በ2016 የወጣ ጥናት፥ ወደ ግማሽ የሚጠጉት በልጃቸው ሁኔታ እፍረት እንደሚሰማቸው፥ ሩብ ያህሉም ነገሩን ከሰው ለመደበቅ እንደሚጥሩ አመልክቷል። ብዙዎቹም የሕክምናን ምክንያትና የመንፈስን ምክንያት አንድ ላይ ይዘው ይኖራሉ። ልብ እንበል፤ እዚህ የተከናነበው ልጁ አይደለም፥ ቤተ ሰቡ ነው የከናነበው። እማሆይ ክታባቸውን አንጠልጥለው በሰፈራቸው ሲመላለሱ፥ ይህ ልጅ ከእልፍኝ አይወጣም። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ በ2002 በአዲስ አበባ የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን ስትመሠርት፥ በ2021 እስካረፈችበት ጊዜም ስትሠራ፥ የታገለችው ከዚህ በር ጋራ ነበር፤ የራስዋን ልጅ ይዛ በአደባባይ በመናገርዋ ብዙ ወላጆች ልጆቻቸውን ይዘው ወጡ። ሞጣ ግን ከአዲስ አበባ ከሦስት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል፤ እንዲህ ያለው ማዕከልም አብዛኛው በዋናው ከተማ የተወሰነ ነው።

በውጭ አገር የተማርን ሰዎች በዚህ ጊዜ የሚቀናን ምክር «ጭምብሉን አውልቁ፥ ሁሉን በግልጽ ተናገሩ» የሚል ነው። በሳሕን ላይ የሚሥሉትም ሠዓልያን ይህን ያስተምራሉ። ምክሩ በለንደን ወይም በፓሪስ ይሠራ ይሆናል፤ በዚያ የተናገረውን ሰው የሚረዳ ሕግ አለ፥ ከአንዱ ሰፈር ወደ ሌላው ቢሄድም የሚያውቀው የለም። ሰው ሁሉ በሚተዋወቅበት ከተማ ግን አንድ ጊዜ የተነገረ ገመና ለልጅ ልጅ ይተላለፋል፤ ለጋብቻ ሲጠያየቁም ይነሣል። ስለዚህ ከክታብ የምንማረው ሦስተኛ መንገድ አለ። ሰው ሳይዋሽና ሳይዘረዝር፥ «ይህን አልችልም፤ ተዉልኝ» የሚልበት፥ ጎረቤቱም ምክንያቱን ሳይጠይቅ የሚተውለት መንገድ ነው። ይህ ከደብተራው አስማት የሚበልጥ ቅርስ ነው። ከክታቡ ልንጥለው የሚገባን ጠላት የማለቱን ነገር ነው፤ ልንለውጠው የሚገባንም የሚሥለውን እጅ ነው።

ይህን አሳብ በምኞት ብቻ እንዳልተወው ሁለት ነገር አሳስባለሁ። የመጀመሪያው ክታብ ለሚሰበስቡ ቤተ መዘክሮችና ለማኅበራችን አባሎች ነው። የተሰፋ ክታብ በተገኘ ጊዜ ከመፍታታችን በፊት ባለቤቱ ወይም ቤተ ሰቡ ስለ ዕቃው የሚሉትን እንጻፍ፤ ማን ለማን አሠራው፥ ሰውየው ከምን ነገር ይቀር ነበር፥ ጎረቤት ምን ያደርግለት ነበር? እስካሁን በየመዝገቡ የምናገኘው የጸሎቱን ስምና የብራናውን ርዝመት ነው። ርዝመቱ የሰው ቁመት መሆኑን እያወቅን ሰውየውን አልመዘገብነውም።

ሁለተኛው ለመምህራን ነው። ማርሴል ግሪዮል ከ1928 እስከ 1929 በጎጃም ከተዘዋወረ በኋላ፥ በ1933 በግድግዳ ላይ የተሣሉ ሥዕሎችንና ጭረቶችን ሰብስቦ አሳትሟል። ያን ጊዜ የከሰል ጭረት ለትልቅ ምሁር ቁም ነገር ሆኖ ከታየ፥ ዛሬ ለእኛ የማይታይበት ምክንያት የለም። የማይናገር ወይም በጥቂቱ የሚናገር ልጅ በሞጣ ትምህርት ቤት ቢገኝ፥ ከሰልና ቀለም ሰጥተን በቅል ላይ፥ በአሮጌ ሰፌድ ላይ፥ በራሱ ሳጥን ክዳን ላይ ይሣል። የሣለውን አሳየን ብለን አናስገድደው። ጠቅልሎ ሊሰፋው ቢፈልግ ቆዳውንና መርፌውን እናቀብለው።